ለምን 69? ለምን 100 አልሆነም? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ዘ ማግኔቲክ ፊልድስ ስለተባለው የአሜሪካ ባንድ አልበም ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄያችሁ አላቋረጠም። ላልሰማችሁ፦ አልበሙ «ሲክስቲ ናይን ላቭ ሶንግስ» ይባላል። 69 የፍቅር ዘፈን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካው የሙዚቃ አሳታሚ መርጅ ሪከርድስ በኩል ወጣ። ግጥምና ዜማው የባንዱ መሪ የስቴፊን ሜሪት ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስድቡንም ቆርጫለሁ።

ቁጥሩ ለምን 69 ሆነ?

መጀመሪያ 100 ሊሆን ነበር። ሐሳቡ ለሜሪት የመጣለት ማንሃተን ውስጥ አንድ ፒያኖ ባር ተቀምጦ ነው። መቶ ዘፈን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሲያሰላው ቀነሰው። ከዚያ በታች ካሉት ቁጥሮች ለምን ይሄኛውን መረጠ? ትልልቆቹ ገብቷችኋል፤ እንለፈው።

በአንድ ቁጭታ ልስማው?

ኧረ በፍጹም። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው።

«ግማሹ ቀልድ ነው። አንዱ ፓንክ፣ አንዱ ጃዝ፣ አንዱ ጭራሽ ጫጫታ። ለምን አጣርቶ አንድ ሲዲ አላደረገውም?»

ቀልድ መሆናቸውስ ልክ ነህ። አንዳንዶቹ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞሉም። ግን ሦስት ሲዲ፣ በእያንዳንዱ 23 ዘፈን የሆነው በስህተት አይደለም። የፍቅር ዘፈን በስንት ዓይነት መንገድ ሊሠራ እንደሚችል ዘርግቶ ማሳየት ነው የፈለገው። አንተ የምትጥለውን ሌላው ሰው የሙጥኝ ይለዋል። የማትወደውን እለፈው፤ ቁልፉ እጅህ ላይ ነው።

«ከባለቤቴ ጋር ገና ስንተዋወቅ ጀምሮ የምንሰማው አልበም ነው። በቅርቡ ሜሪት ራሱ ‘አልበሙ ስለ ፍቅር አይደለም፣ ስለ ፍቅር ዘፈኖች ነው’ ማለቱን አነበብኩ። ተታለልን ማለት ነው?»

ደብዳቤዋ ረጅም ነው፤ መሃል ላይ ባሏም ይወቀሳል። እሱን ለሁለታችሁ ትቻለሁ።

አዎ፣ ብሏል። ተታላችኋል ግን አልልም። የፍቅር ዘፈን ሁሉ የዘፋኙ ኑዛዜ ይመስለናል። ድምፁ ትንሽ ከተሰበረ «ማን ከድቶት ይሆን?» እንላለን። ሜሪት ይህን ልማዳችንን አውቆ ነው የሚያፈርሰው። ዘፈኖቹን ሁሉ ራሱ አልዘፈናቸውም። ክላውዲያ ጎንሰንን፣ ሸርሊ ሲምስን፣ ኤል ዲ ቤግቶልንና ደድሊ ክሉትን ይዞ ለእያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ሰጣቸው። አፍቃሪው አንዴ ወንድ፣ አንዴ ሴት ነው። ተፈቃሪውም እንደዚያው። «የማን ታሪክ ነው?» ብለሽ ብትፈልጊ ባለቤት አታገኚለትም። አንቺና ባልሽ ሰተት ብላችሁ የገባችሁትም ለዚህ ነው።

ከዘፈኖቹ «ዘ ቡክ ኦፍ ላቭ» (የፍቅር መጽሐፍ) የሚለውን እንይ። ግጥሙ ፍቅርን በማሞገስ አይጀምርም። የፍቅር መጽሐፍ የሚባል ነገር አለ፤ ረጅም ነው፣ ይሰለቻል፣ ከክብደቱ የተነሳ የሚያነሳው የለም ይላል። ሠንጠረዥ ሁሉ አለበት። ሜሪት ይህን በዚያ ወፍራም ድምፁ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይነግርሻል። አጃቢው ከአንድ ሁለት የክር መሣሪያ አይበልጥም። ቀጥሎ ያንን አሰልቺ መጽሐፍ የሚወደው ሰው ሲያነብለት ደስ እንደሚለው ይናገራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከስልቸታው ቀጥሎ ስለመጣ ነው አንጀት የሚበላው፤ ገና ከመጀመሪያው ቢያሞካሽ ኖሮ አትሰሚውም ነበር። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ፒተር ጋብርኤል ይህንኑ ዘፈን በ2004 ለአንድ ፊልም፣ በ2010 ደግሞ በአልበሙ ላይ በኦርኬስትራ ታጅቦ ተጫውቶታል። ያምራል። እኔ ግን የሜሪትን እመርጣለሁ። ጋብርኤል ስሜቱን ራሱ ጨርሶት ነው የሚያቀብለን፤ ሜሪት ለሰሚው ይተውለታል።

ሰውዬው ሲጽፍ አላለቀሰም ይሆናል። አንቺ ካለቀስሽ ግን እንባው የራስሽ ነው፤ ማንም አላታለለሽም።

«ሌሊቱን ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። አሁን ጆሮዬ ይጮሃል፣ የሳህን ድምፅ ሳይቀር ያመኛል። ጓደኛዬ የጆሮ ጠብታ ሞክር ይለኛል። ይተወኝ ይሆን?»

ይህን ለእኔ ከምትጽፍ ለጆሮ ሐኪም ብትነግረው ምን ነበረበት? ቀልድ አይደለም። ሂድ፤ ዛሬ ካልሆነ ነገ። ሜሪት ራሱ በግራ ጆሮው ተራ ድምፅ አለቅጥ ጎልቶ የሚያሳምም ችግር አለበት። ተመልካች ሲያጨበጭብ ጆሮውን በእጁ ይሸፍናል። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መስማት ይቻላል ይላል። ድምፁ 90 ከደረሰ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቅደው። እስክትታይ ድረስ ማዳመጫውን አውልቅ። ጓደኛህ የነገረህን የጆሮ ጠብታም እንዳትሞክር፤ እለምንሃለሁ።

አንዱን ዘፈን ወደ አማርኛ መልሼ ባወጣውስ?

ትርጉም ከባለመብቱ ፈቃድ ይፈልጋል። ዝርዝሩን ጠበቃ ይንገርህ።

«ለምወዳት ልጅ ከአልበሙ አንዱን ላኩላት፤ ዝም አለችኝ። የቱን ልጨምር?»

ምንም። ቀሪዎቹን 68ቱን እንዳትልክባት አደራ። ደውልና በራስህ አፍ አናግራት፤ ካላነሳች ተዋት።