የታከተሽ የዕቃ ክምር ለሥዕልሽ ምን ይሰጣል?

እህቴ፣ «ሥዕል ልሥል ስነሳ ያልታጠበ ዕቃ ተከምሮ ይጠብቀኛል፤ ከዚህ አሰልቺ ሥራ ለሥዕሌ የሚሆን ነገር ይገኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። አዎ፣ ብዙ ይገኛል።

በመጀመሪያ ንዴትሽን አትናቂው። ጆሴፊን ኮክሬን የምትባል አሜሪካዊት ውድ ሳህኖቿ ሲታጠቡ እየተሸረፉ አበሳጯት። ታዲያ ሳህኖቹን ለካች፣ በልካቸው የሽቦ ማስቀመጫ ሠራች፣ ማጠቡን ለውሃ ግፊት ተወችው። እ.ኤ.አ. በ1886 ለዕቃ ማጠቢያ ማሽኗ የፈጠራ መብት አገኘች። እኔን ከማሽኑ በላይ የሚገርመኝ ጥያቄውን መለወጧ ነው። እጅ እንዴት ይጠንቀቅ ከማለት ይልቅ እጅ ጭራሽ ባይነካውስ ወደሚለው ሄደች። አንቺም አንድ ቀለም እምቢ ሲልሽ ቀለሙ ጭራሽ ባይኖርስ ብለሽ ጠይቂ።

ሌላው ያረረ ድስት ነው። ብትፈትጊው ንቅንቅ አይልም፤ ጉልበትሽን ብቻ ይጨርሳል። ሙቅ ውሃና ሳሙና ሞልተሽ ብታቆዪው ግን ቅርፊቱ ውሃ ጠጥቶ ይላላል፣ ጠርዙ ይነሳል፣ ከዚያ በማንኪያ ጫፍ ይላቀቃል። አሻፈረኝ ያለ ሥዕልንም እንዲሁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረሽ አሳድሪው። ጠዋት ስታዪው የቱ ጋ እንደተበላሸ ቶሎ ይታይሻል። (በንዴት ላዩ ላይ መደራረብ ነው የሚያጠፋው።)

ስታጥቢ ስልክሽን ሌላ ክፍል ተዪው፤ ጆሮሽ ከተያዘ ሐሳብ መግቢያ ያጣል። እርሳስና ወረቀት ግን ውሃ በማይደርስበት አቅራቢያ አስቀምጪ።