ዋዋ ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጊታር ተጫዋች ነኝ። ስታዲየም አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ከባንድ ጋር እሠራለሁ። የምንጫወተው የድሮውን ነው፤ ትዝታውንም ችክችካውንም። ዋዋ ፔዳል ልገዛ ብዬ ሦስት ቀርቦልኛል። አንዱ ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ክራይ ቤቢ ነው፣ ጥቁሩ ጂሲቢ 95፣ ከነአዳፕተሩ። ሁለተኛው እግር ሲያርፍበት በራሱ የሚበራው 95 ኪው ነው። ሦስተኛው ሚኒው ነው፤ እሱ ከጊታሬ ቦርሳ ኪስ ይገባል። ጓደኞቼ ደግሞ «ቀይ ፋዝል ኢንዳክተር ከሌለው እንዳትገዢ» ይሉኛል፤ ውስጡ ያለውን፣ የዋዋውን ድምፅ የሚቀርጸውን ጥቅል ሽቦ ማለታቸው ነው። እርስዎ ምን ይሉኛል?
ህ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ያገለገለውን ግዢ፤ ሳትሞክሪው ግን ብር እንዳታወጪ።

በመጀመሪያ ስለ እግርሽ እናውራ። ዋዋ ከጊታሩ ድምፅ ውስጥ አንዱን ጠባብ ክፍል መርጦ ያጎላል፤ እግርሽ ደግሞ ያን ክፍል ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። በተረከዝ ስትጫኚው 400 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ በጣትሽ ስትጫኚው ከ2,000 ትንሽ ያልፋል። ችክችካ ላይ ጀማሪ የሚሳሳተው ስድስቱንም ምት በእግሩ ሊከተል ሲሞክር ነው። እግሩ ይዝላል፣ ድምፁም ይንጫጫል። አንደኛውና አራተኛው ምት ላይ ብቻ ጣትሽን ጫኚ፣ በመሃል ተረከዝሽ ቀስ ብሎ ይመለስ፤ የቀረውን ቀኝ እጅሽ ይሥራው። ለዚህ ረጋ ያለና ረዘም ያለ የእግር ጉዞ ያስፈልጋል። ሚኒው ድምፁ አይታማም፣ ጓደኞችሽ የሚምሉበት ቀይ ፋዝልም ውስጡ አለ፤ ጉዞው ግን አጭር ነውና ትንሽ ስትነኪው ዘሎ ይሄዳል። ቀላል ስለሆነም ምንጣፍ በሌለው መድረክ ላይ ከእግርሽ ሥር ይሸሻል።

95 ኪው ጥሩ ዕቃ ነው፤ ድምፅ የሚጨምር የራሱ ቡስት ሁሉ አለው። ለአንቺ ያልመከርኩት በትዝታው ምክንያት ነው። ትዝታ ሶሎ ላይ ዋዋን ማወዛወዝ አልወድም። ፔዳሉን አብርተሽ መሃል ላይ፣ ትንሽ ወደ ተረከዝ ጠጋ አድርገሽ አቁሚውና እግርሽን አንሺ። ጊታሩ እንደ ማሲንቆ በአፍንጫው መናገር ይጀምራል። 95 ኪው ላይ ይሄ አይሆንም፤ እግርሽን ስታነሺ ስፕሪንጉ ይመልሰዋል፣ ፔዳሉም ይጠፋል። ሶሎው እስኪያልቅ በአንድ እግር ቆሜ እዘልቃለሁ ካልሽ ሌላ ነገር።

ዋዋ እ.ኤ.አ. በ1966 ካሊፎርኒያ ተፈልስፎ በ1967 ገበያ የወጣ ዕቃ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ኒው ዮርክ ላይ በቀረጸው አልበም ውስጥ ዋዋ ጊታሩን ልብ ብለሽ አዳምጪው። ያ ድምፅ የተራው ዋዋ ድምፅ ነው፤ እናንተ የምትጫወቱትም የዚያን ዘመን ሙዚቃ ነው።

አሁን ወደ መሞከሩ። የራስሽን ጊታርና ሁለት ኬብል ይዘሽ ሂጂ። መጀመሪያ ጊታሩን በቀጥታ አምፕ ላይ ሰክተሽ አንድ ነገር ተጫወቺ። ቀጥሎ በፔዳሉ በኩል አሳልፊውና ሳታበሪው ያንኑ ድገሚው። የቆዩት ጂሲቢ 95ዎች ጠፍተውም ቀጭኑን ድምፅ ይሰርቃሉ፣ ጊታሩ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። በማብሪያ ቅያሬ የሚስተካከል ነገር ስለሆነ ዋጋ ማውረጃ አድርጊው። ከዚያ አብሪውና ምንም ሳትጫወቺ ፔዳሉን ቀስ ብለሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሰጂው። «ክርርር» ካለ ውስጡ ያለው፣ ፔዳሉን ስትጫኚ የሚዞረው ቮሊዩም አርጅቷል ማለት ነው። እሱም ይቀየራል። ከሬዲዮ የተነቀለ 100 ኪሎ ኦም ቮሊዩም ሁሉ ግን አይሆንም፤ ዘንጉ ላይ ከፔዳሉ ጥርስ ጋር የሚገጥም ማርሽ መቀመጥ አለበት፣ ሲዞር ድምፁን የሚቀይርበት መጠንም የተለየ ነው። ሻጩ «ስፕሬይ ብትነፊበት ይለቀዋል» ይልሻል። ለጥቂት ሳምንት ሊለቀው ይችላል። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ የማውቃቸው ጠጋኞች ተበታትነዋልና ዕቃውን ከመግዛትሽ በፊት የሚሠራልሽን ሰው አግኚ።

አዳፕተሩን እዚያው ተይለት። ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈበት የእኛ 220 ያቃጥለዋል። ባለ 9 ቮልት፣ መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነ ግዢ። የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር «ይገባል እኮ» ተብሎ የሚሰካ ነገር አይደለም፤ አብዛኛው 12 ቮልት ነው፣ መሃሉም ፖዘቲቭ። እኔ ብሆን መድረክ ላይ በባትሪ ነበር የምሠራው። ዋዋ የሚበላው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳም አምፕሽ ውስጥ ከሚገባው እዝዝታ አንዱን ምንጭ ትቀንሺያለሽ። ግን ጨርሰሽ ስትወርጂ ከጊታር የሚመጣውን ጃክ ንቀዪው፤ ጃኩ እንደተሰካ ካደረ ባትሪው ሲፈስ ያድራል። ባትሪውን ለመቀየር ደግሞ በብዙዎቹ ላይ አራቱን የጎማ እግሮች መፍታት አለብሽና ትንሽ መፍቻ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር።

የኢንዳክተሩን ነገር ለሰብሳቢዎች ተዪው። ልዩነት የለውም አልልም፤ ከበሮና ሳክስፎን በሚጮኽበት ሆቴል ውስጥ ግን ቀይ ይሁን ቢጫ የሚለይ ጆሮ አላጋጠመኝም።

ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል፣ ዲስቶርሽን ካለሽ ዋዋውን ከፊቱ አድርጊው፤ ጊታሩ መጀመሪያ ዋዋው ውስጥ ይግባ። ይበልጥ የሚያሻክረው ፈዝ ከሆነ ግን አንዳንዱ ከዋዋ ጋር አይስማማም፣ ፔዳሉ የሚሄድ እስከማይመስል ድረስ ያፍነዋል። ያኔ ቦታቸውን ለዋውጪ።

ጥያቄ፦ ክራሬ ላይ የተለጠፈ ፒክአፕ አለ። ጓደኛዬ ዋዋ ላይ ስሰካው ድምፁ ቀጥኖ ቆርቆሮ ይሆናል፤ አምፕ ላይ በቀጥታ ስሰካው ግን ደህና ነው። ፔዳሉ ተበላሽቶ ይሆን?
ተ.፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ፔዳሉ ደህና ነው። የሚለጠፈው ፒክአፕ ፒዬዞ ይባላል፤ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ቢያንስ አንድ ሜጋ ኦም የሚሆን መግቢያ ይፈልጋል። የብዙ ዋዋ መግቢያ ግን ከዚያ ያነሰ ነውና ወፍራሙን ድምፅ ይበላዋል። በክራሩና በፔዳሉ መሃል የፒዬዞ ፕሪአምፕ፣ ማለትም የፒክአፑን ድምፅ ቀድሞ የሚያጠናክር ትንሽ ማጉያ አስገባ። ትንሹና ርካሹ ይበቃሃል። ሌላ ነገር እስክትገዛ ድረስ መግቢያው አንድ ሜጋ ኦም የሆነ በፈር (ድምፁን ሳይቀይር አጠንክሮ የሚያሳልፍ ክፍል) ሲጠፋም የሚሠራበት ፔዳል ካገኘህ እሱን ከዋዋው በፊት ሰክተህ ሞክረው፤ ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ በእግር ባታበራውም ይሠራል።