ኔበሩ ፉል ሆኖ ራውት ለማይገባለት ወንድማችን

ወንድሜ፣ «የቅርንጫፉና የዋናው መሥሪያ ቤት ራውተር በኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ፉል ይላሉ (ኔበርነታቸው፣ ማለት ጉርብትናቸው፣ ሙሉ ሆኗል)፣ ራውት (የመረጃው መንገድ) ግን አይገባም» ብለህ ለጠየቅከው፦ ይሄው ነገር ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል።

1. ታይመሩን በእጅህ አትንካ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። የዋናው መሥሪያ ቤት ተነል (ከቅርንጫፎቹ ጋር የሚያገናኘው ምናባዊ መስመር) ኔትወርክ ታይፑ ብሮድካስት ነበር፤ ሄሎ («አለሁ» የሚባልበት ጊዜ) 10፣ ዴድ (ድምፁ ካልተሰማ ኔበሩ ጠፋ የሚባልበት) 40 ሰከንድ። የኔ ፖይንት-ቱ-መልቲፖይንት፤ 30 እና 120። ካልገጠሙ ኔበር አይነሳም። ሄሎውን 10 አደረግኩት፣ ዴዱ ራሱ 40 ሆነ፣ ወዲያው ፉል አለ። ደስ ብሎኝ ለአለቃዬ ደወልኩ። ሾው አይፒ ራውት ብዬ የራውቱን ዝርዝር ሳይ ግን ኦ የሚል (ከኦኤስፒኤፍ የመጣ) መስመር አንድም የለም! ታይፑ እንደማይገጥም የሚጠቁመኝ የታይመሩ ልዩነት ነበር፤ ያንን ምልክት በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ። ብሮድካስት ላይ ዲአር (የሁሉም ተወካይ ራውተር) ይመረጥና ሊንኩ ትራንዚት (የጋራ መስመር) ተብሎ ይነገራል፤ የኔ ወገን ዲአር አያውቅም፣ ሊንኩን ፖይንት-ቱ-ፖይንት ነው የሚለው። ኤልኤስኤዎቹ (ራውተሮቹ ስለ ሊንካቸው የሚልኩት መግለጫ) ስለማይገጥሙ ኤስፒኤፍ (መንገዱን የሚያሰላው ስሌት) መንገድ ማውጣት አይችልም። ዳታቤዙን ብታይ «አድቭ ራውተር ኢዝ ኖት-ሪቸብል» (መግለጫውን የላከው ራውተር አይደረስበትም) ይልሃል።

ዋናው መሥሪያ ቤት ደውዬ ስልኩን ያነሳውን ባለሙያ «ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኢንተርፌስ ላይ ኔትወርክ ታይፕ የሚለውን አንብብልኝ» ስለው «ሌላው ቅርንጫፍ ሁሉ ይሠራል፣ የራስህን እይ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አንድ መስመር ነው የለመንኩት! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በማግስቱ ሌላ ልጅ አነበበልኝና ታይፑን ብሮድካስት አድርጌ፣ የጻፍኩትን ታይመር አጥፍቼ፣ ራውቱ ገባ። ያችን መስመር ካነበበልኝ ልጅ በቀር ማንም አላገዘኝም፣ ራሴ ነኝ ያገኘሁት።

2. ብሮድካስት ካደረግከው ደግሞ ቅርንጫፉ ላይ ፕራዮሪቲውን (ለዲአርነት የመመረጥ ደረጃውን) 0 አድርግ፤ 0 ከሆነ አይመረጥም። እኔ ረሳሁት፣ 1 ሆኖ ቀረ። አንድ ቀን ማታ ዋናው ራውተር መብራት ጠፍቶበት ሲመለስ የኔ ራውተር ዲአር ሆኖ ጠበቀው። የዋናው ፕራዮሪቲ ቢበልጥም፣ የተመረጠ ዲአር ሳይወድቅ አይነጠቅም። ቅርንጫፎች እርስ በርስ አይተያዩም፣ የሚያዩት ዋናውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የኔን ራውተር የማያዩት ቅርንጫፎች ሁሉ ራውታቸው ጠፋ። ጠዋት ወረፋ የያዘው ደንበኛ ሲስተም የለም ተብሎ ተመለሰ። 0 ብዬ ስጽፍ ነው ዲአርነቱን የለቀቀው።

አንተም የሁለቱን ወገን ኔትወርክ ታይፕ መስመር እዚህ ለጥፍ፣ ዛሬ ማታ አየዋለሁ። ስልኩን ከዘጉብህ በአለቃህ በኩል በጽሑፍ ጠይቅ።