ማሽኑ የሚያየውና የማያየው፦ ስለ ዶፒንግ ምርመራ ለቀረበው ጥያቄ

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ሯጭ ወንድሜ ከውድድር ሁለት ቀን በፊት የጉንፋን መድኃኒት ወስዷል፤ ቢመረመር ይያዛል ወይ? ደግሞስ አንዱ ተገኝቶበት በነፃ ሲለቀቅ ሌላው በቅንጣት ታህል ነገር ለዓመታት የሚታገደው ለምንድን ነው?»

የመጀመሪያው እንደ መድኃኒቱ ነው። ማሸጊያው ላይ ሱዶኤፌድሪን የሚል ካለ፣ ይህ የተከለከለው በውድድር ጊዜ ብቻ ነው፤ ጥፋት የሚሆነውም በሽንት ውስጥ ከ150 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ሲያልፍ ነው። የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ ከውድድሩ ቢያንስ 24 ሰዓት አስቀድሞ እንዲቆም ይመክራል። በታዘዘለት መጠን ወስዶ ከሁለት ቀን በፊት ካቆመ ብዙ የሚያሰጋው የለም። ልብ ይበሉ፣ «የውድድር ጊዜ» የሚጀምረው ሽጉጡ ሲተኮስ አይደለም፤ በዋዜማው እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ፊኒሌፍሪን ከሆነ ግን ጭራሽ አልተከለከለም።

ምርመራው ላይ ብዙ ነገር የሚበላሸው ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊት ነው። አትሌቱ መመረጡ ከተነገረው ቅጽበት ጀምሮ ናሙናውን እስኪሰጥ ድረስ አጃቢ ከዓይኑ አይለየውም። ሜዳልያ መቀበል፣ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ፣ መታከም ይችላል፤ ከአጃቢው መሰወር ግን አይችልም። ሽንቱ ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር መሆን አለበት፤ ሲሸናም ፆታው ተመሳሳይ የሆነ ተቆጣጣሪ በቀጥታ ያያል። የታሸገውን ዕቃ መርጦ የሚከፍተው፣ ወደ «ኤ» እና «ቢ» ጠርሙስ የሚቀዳውና ክዳኑን የሚያጠብቀው ራሱ አትሌቱ ነው። በጠርሙሱ፣ በክዳኑና በቅጹ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን ያረጋግጥ። ላቦራቶሪው የሚያውቀው ቁጥሩን እንጂ ስሙን አይደለም።

እዚህ የተለመደው ችግር ውሃ ነው። ቶሎ ለመገላገል ውሃ በላይ በላዩ የሚጠጣ አትሌት ሽንቱ ይቀጥንበታል። በሬፍራክቶሜትር ሲለካ እፍግታው ቢያንስ 1.005 (ሽንቱ 150 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ 1.003) ካልደረሰ ድገም ይባላል። ሲጠብቅ ደግሞ ይጠጣል፣ ደግሞ ይቀጥናል። ትንሽ ትንሽ እየተጎነጩ መታገስ ያዋጣል። ሌላው ስህተት ቅጹ ላይ ነው። ባለፉት 7 ቀናት የተወሰደ መድኃኒትና ሰፕልመንት ሁሉ እዚያ ይጻፋል። «ብጽፈው ራሴን አሳልፌ እሰጣለሁ» የሚሉ አሉ፤ ነገሩ ግልባጩ ነው። ኋላ ላይ ከየት መጣ ሲባል፣ በዕለቱ በእጅ የተጻፈው ከብዙ ማብራሪያ በላይ ይደመጣል። ማኅተሙ የላላ ከመሰለውም እዚያው አስተያየት መስጫው ላይ ያስፍረው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ የሕጉ መሠረት ከባድ ነው፦ በሰውነትህ ውስጥ ለተገኘው ተጠያቂው አንተ ነህ። አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ የሚለው የሚነሳው በአብዛኛው የቅጣቱን ርዝመት ለመወሰን ነው። ከየት እንደገባ ማስረዳትም የአትሌቱ ሸክም ነው። ብስክሌተኛው አልቤርቶ ኮንታዶር እ.ኤ.አ. በ2010 ክሌንቡቴሮል (አንዳንዶች ከብት ለማድለብም የሚሰጡት የተከለከለ መድኃኒት) የተገኘበት በሚሊ ሊትር 50 ፒኮግራም ብቻ ነበር፤ ይህ የአንድ ግራም 20 ቢሊዮንኛ እጅ ነው። የተበከለ ሥጋ በልቼ ነው አለ፤ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ ግን የተበከለ ሰፕልመንት ይበልጥ ያሳምናል ብሎ ሁለት ዓመት አገደው። ዛሬ በሚሊ ሊትር ከ5 ናኖግራም (ከ5000 ፒኮግራም) ያልበለጠ ክሌንቡቴሮል ሲገኝ በቀጥታ እንደ ጥፋት ሳይቆጠር ከሥጋ መምጣቱ ሊጣራ ይችላል። ሕጉ የተስተካከለው የመሣሪያው ዓይን ከሰው ጥንቃቄ በላይ ስለሰላ ነው፤ እኔ ትክክል ነው እላለሁ።

የአስም መድኃኒቱ ሳልቡታሞልም እንዲሁ ነው። በ24 ሰዓት እስከ 1600 ማይክሮግራም መሳብ ይፈቀዳል፣ በየትኛውም 8 ሰዓት ውስጥ ግን ከ600 ማለፍ የለበትም። ሽንት ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ1000 ናኖግራም በላይ ከተገኘ ጥያቄ ያስነሳል። ነገር ግን ያንኑ መጠን የሳቡ ሁለት ሰዎች እኩል አያስወጡም፤ ፈሳሽ ያነሰው ሰው ሽንትም ይወፍራል። ብስክሌተኛው ክሪስ ፍሩም እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚህ ልክ በላይ ተገኝቶበት የነበረው ጉዳይ በ2018 ያለ ቅጣት ተዘግቷል።

ማሽኑ የማያየው ደግሞ አለ። ጡንቻ የሚያጎለብተው የወንዴ ሆርሞን ቴስቶስተሮን፣ ሰውነት አብሮ ከሚያመርተው ተቀራራቢ ውህድ ከኤፒቴስቶስተሮን ጋር በሽንት ውስጥ ያለው ምጣኔ ከ4 ሲያልፍ ያጠራጥራል። ሆኖም ዩጂቲ2ቢ17 የሚባለው ጂን የሌላቸው ሰዎች በሽንታቸው የሚያስወጡት ቴስቶስተሮን እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ሆርሞኑን ተወግተውም ከ4 በታች ሊቀሩ ይችላሉ። አልኮል ደግሞ ምጣኔውን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ አሁን አትሌቱ የሚነጻጸረው ከራሱ የቀድሞ ውጤቶች ጋር ነው፤ ጥርጣሬ ሲኖር የካርቦን አይሶቶፕ (የካርቦን ዓይነቶች መጠን) ይታያል፣ ከዕፅዋት የተሠራው ሆርሞን ከበድ ያለው የካርቦን ዓይነት፣ ካርቦን 13፣ ያንሰዋልና።

ከሁሉ የሚከብደው የራስን ደም አስቀምጦ መልሶ መውሰድ ነው፤ የራስ ደም ባዕድ ምልክት የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ያለው ባዮሎጂካል ፓስፖርት የሄሞግሎቢንንና (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) የወጣት ቀይ የደም ሕዋሳትን መዋዠቅ የሚከታተለው ለዚህ ነው። ከፍታ ላይ ሰንብቶ የወረደ ሰው ደምም ግን ተመሳሳይ ሞገድ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ደም ሲሰጥ የከፍታ ቦታ ቆይታው በትክክል ይመዝገብ፤ ፋይሉን ስም ሳያዩ የሚመረምሩት ባለሙያዎች የሚያነቡት ያንን ነው።

ለወንድምዎ፦ መድኃኒት ሲገዛ የንግድ ስሙን ትቶ የንጥረ ነገሩን ስም ያንብብ፤ በአንድ ስም የሚሸጥ መድኃኒት ይዘቱ ከአገር አገር ይለያያል። የተከለከለው ዝርዝር በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ይታደሳልና በዚያ ሰሞን የሚወስደውን ሁሉ እንደ አዲስ ይፈትሽ። የግድ የሚያስፈልገው መድኃኒት ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ለሕክምና የሚሰጠውን ልዩ ፈቃድ ከውድድሩ 30 ቀን አስቀድሞ ይጠይቅ። ሰፕልመንት ከተጠቀመ ጠርሙሱን ጥቂት አስቀርቶበት፣ የምርት ቁጥሩ ሳይላጥ፣ ከደረሰኙ ጋር ለብዙ ወራት ያስቀምጥ፤ ውጤት አንዳንዴ ከሳምንታት በኋላ ይመጣል፣ ያኔ የሚመረመር ትራፊ የሌለው ሰው ምንጩን ማስረዳት ይቸግረዋል።