አስታማሚዋ የት ትደር?

ሆስፒታል ልትነድፉ ለምትማሩ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት የአርክቴክቸር ተማሪ ጎንደር፣ ማራኪ ሠፈር ካለው ቤቴ መጥታ፣ ቡናው ገና ሳይፈላ፣ «ሲስተር፣ በሥራ ዘመንሽ በጣም ያስቸገረሽ ምን ነበር? መድኃኒት ወይስ መሣሪያ?» አለችኝ። ነርስ ጡረታ ብትወጣም ሲስተርነቷ አይቀርም። መድኃኒት ልል አስቤ ከአፌ የወጣው «ሽንት ቤቱ» ነው። ልጅቷ ሳቀች። እኔ ግን አንድ የአርማጭሆ ሽማግሌ ትዝ አሉኝና ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ።

ሆስፒታሉን አልጠራውም። አሮጌውን ለቀን አዲሱ ፎቅ የገባን ሰሞን ነው። አሮጌው ዝቅ ያለ፣ ዙሪያውን በረንዳ ያለው ቤት ነበር። አስታማሚ በረንዳው ላይ ጋቢውን ለብሶ ያድራል፤ ስንጠራው ከተፍ ነው። (ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች እዚያው በረንዳ ላይ እንጀራ ተካፍለው ሲታረቁ አይቻለሁ። ይህን ሌላ ጊዜ።) አዲሱ በረንዳ አልነበረውም። ወለሉ የሚያንሸራትት ሴራሚክ፣ ኮሪደሩ ረጅም፤ የእኛ ጠረጴዛ ከአንዱ ጫፍ፣ ሽንት ቤቱ ከሌላው። ለአስታማሚ ቦታ ስላልተሠራ ማታ ማታ ዘበኛው ያስወጣቸዋል።

ሽማግሌው የቡአ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ደኅና ሆነው ነበር። ነገ ይወጣሉ ተብሎ ሴት ልጃቸው አገልግሉን ሳይቀር ሸክፋለች። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ አያባራም። ሌሊት ሽንታቸው መጣ። ልጃቸው ብትኖር ትደግፋቸው ነበር፤ ባዕድ ሴት መጥራት ግን አፈሩ። ግድግዳውን ተደግፈው ሄዱ። እኔ ለሌላ በሽተኛ ግሉኮስ ስቀይር ነው ሲወድቁ የሰማሁት። ዳሌያቸው ተሰብሯል።

ጠዋት ልጅቷ ጋቢዋ ዝናብ ጠጥቶ ገባች። «ትናንት ደኅና ነበሩ እኮ» አለች። ደግማ ደጋግማ ይህንኑ ብቻ። በእግራቸው የመጡት ሰው በቃሬዛ ተመለሱ።

ዘበኛው ታዝዞ ነው፤ የፅዳት ሠራተኛዋም ወለሉን ማጠቧ ሥራዋ ነው። ፕላኑ ላይ ግን አልጋው አለ፣ ሐኪሙ አለ፣ ልጅቷ የለችም። አጥሚት የሚያጠጣው፣ የሚያገላብጠው፣ ከውጭ መድኃኒት ገዝቶ የሚያመጣው ማን ሆነና? እኛን ነርሶቹንም ማንም አልጠየቀን፤ ያለቀ ሕንጻ ነው የተረከብነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ተማሪዋ የተመራማሪውን የሮጀር ኡልሪክን ጥናት አጫወተችኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውን። አሜሪካ፣ ፔንስልቬኒያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው 46 ሰዎች፣ በመስኮት ዛፍ ያዩት የጡብ ግድግዳ ካዩት ቀድመው ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። አምናለሁ። በፔሩ ሊማም ሲለካ፣ ከ1950 በፊት የተሠሩት ጣሪያቸው ከፍ፣ መስኮታቸው ሰፋ ያለ ክፍሎች ከአዲሶቹ የተሻለ አየር ይለዋወጥባቸዋል። ቲቢ ላለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እናም ሰፊ መስኮት ሥሩ እላለሁ።

ግን ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊቷ ይበርዳል። በሽተኛውም አስታማሚውም «ንፋስ ይመታናል» ብሎ ይዘጋዋል። አውቶቡስ ውስጥ አላያችሁም? እኔ ራሴ ማታ ቤቴ መስኮት አልከፍትም። ስለዚህ ዝቅ ያለው መስኮት ለማየት ይሁን፤ አየሩ ከጣሪያው ሥር፣ የማንም እጅ በማይደርስበት ቀዳዳ ይውጣ።

እጅ መታጠቢያ አትርሱ አልላችሁም፤ ያንን ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች ግን በኮምፒውተር ስለምትሠሩ መሰለኝ፣ ፊቱ መስታወት በመስታወት የሆነ፣ ባንክ የሚመስል ነገር ትወዳላችሁ። የተማሪዋ ሥዕል ላይ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰውዬ ሳይቀር አለ፤ አገልግል የያዘ የለም።

አስታማሚውም ፕላኑ ውስጥ ይግባ ስላት ተከራከረችኝ፤ አስታማሚ ሲበዛ ኢንፌክሽንም ይበዛል አለች። እውነቷን ነው። ለአንድ አልጋ አንድ ሰው ይሁን፤ ከዋርዱ አጠገብ ውኃና ሽንት ቤት ያለው ማደሪያ ይሠራለት፤ የበሽተኛው ሽንት ቤትም ወደ አልጋው ይቅረብ አልኳት። ቦታው አይበቃም ብትል፣ ከዚያ ሰፊ መግቢያ አዳራሽ ቆርጠሽ ስንት ካሬ እንደሚተርፍ ለክተሽ ነይ ብዬ ልኬያታለሁ።