የዝሆኔ እግር መንከሪያ በረኪና ስንት ይሁን? (ከአንኮበር ለተጠየቀው መልስ)

እናትህ የዝሆኔ እግራቸውን በበረኪና ውሃ ሲነክሩ እንደሚያቃጥላቸው ጽፈህ መጠኑን ጠይቀሃል። የሚያቃጥላቸው በረኪናው በዝቶ ሳይሆን አይቀርም። መንከሩን አታቋርጥ፣ መጠኑን አስተካክል።

1. በባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ሦስት ጊዜ ለክተህ 6 ሊትር ንጹሕ ውሃ ሳፋ ውስጥ አድርግ። ብርድ ቢሆንም ለብ ካለ ይበቃል፣ ሙቅ አይሁን።
2. ጠርሙሱ ላይ 5% ከሚል በረኪና 15 ሚሊ ሊትር ጨምር፤ በልጆች ሽሮፕ ማንኪያ (5 ሚሊ) ሦስት ማለት ነው። በክዳን አትለካ፣ የየፋብሪካው ክዳን ይለያያል። ሽታና ሳሙና የተቀላቀለበትንም ተወው።
3. አማስለህ 15 ደቂቃ ያህል ይንከሩ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ። በጣቶቹ መሃል ያለውን እርጥበት በስስ ጨርቅ አድርቅ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፣ ቆዳው የሚሰነጠቀውና ጀርም የሚገባው ግን እዚያ ነው።
4. ቫዝሊን፣ ካልሲ፣ ጫማ። ጫማው ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ከሆነ ድካምህ ከንቱ ነው፤ ለጓሮም ይልበሱት።

«ይህ ነገር እውነት ይሠራል?» ላልከው፦ በምሥራቅ ጎጃም ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አወዳድሯል። እንዲህ የተንከባከቡት ላይ የሚነሣው ትኩሳትና እብጠት በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሷል። መቀነስ እንጂ መጥፋት አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እግሩ ግሎ፣ ቀልቶ፣ ብርድ ብርድ ካላቸው ፋሻ አትጠቅልል። እግራቸውን ከፍ አድርገው ይረፉ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዳቸው።