ኃላፊው የመልካም አስተዳደር ስብሰባ ላይ ናቸው

ሐዋሳ ታቦር አካባቢ ያለው እድራችን ስብሰባውን ቢጨርስም ሰው አልተነሣም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የውስጥ ኦዲተር ሆኜ ጡረታ መውጣቴን ስለሚያውቁ ጥያቄው ወረደብኝ። የማስታውሰውን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ግድግዳው ላይ «ከሙስና የጸዳ አገልግሎት» ይላል። ውስጥ ያለው ልጅ ደግሞ «የሻይ የለም እንዴ?» ይለኛል። የቱን ልመን?

መልስ፦ ልጁን እመን። እኔም የቤት ካርታ ጉዳይ ይዤ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ ሲስተም የለም። ቀጥሎ ፋይሉ ጠፋ። በሦስተኛው ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። የምን ስብሰባ? ብል «የመልካም አስተዳደር» አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ፋይሉ ኋላ ተገኘ፤ የት ከርሞ እንደመጣ ግን የነገረኝ የለም።

ጥያቄ፦ እኛንስ «ፋይሉ ጠፋ» ሲሉን ምን እናድርግ?

መልስ፦ በቃል አትጨቃጨቁ። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ጻፉ፤ በአንዱ ላይ መዝገብ ቤቱ ቀንና ማኅተም ያሳርፍበት። በአዋጅ 590/2000 መሠረት መረጃ የተጠየቀ መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ሁልጊዜ ይሠራል አልልም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያዩ ግን ድምፃቸው ለስለስ ሲል ሰምቻለሁ።

ጥያቄ፦ የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ ለምን ሌባውን አይዝም?

መልስ፦ የፌዴራሉ ኮሚሽን በ1993 ሲቋቋም መመርመርም መክሰስም ይችል ነበር። በ2008 ግን ምርመራው ለፖሊስ፣ ክሱ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተሰጠ። ለኮሚሽኑ ማስተማር፣ መከላከልና የሀብት ምዝገባ ቀሩት። ጥርሱን ነቅለው «ንከስ» ይሉታል። ኅዳር 2015 ላይ ደግሞ 7 አባላት ያሉት ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚሽን እያለ ኮሚቴ! ቤት እያለው ግቢው ውስጥ ድንኳን ተክሎ እንደሚያድር ሰው።

ጥያቄ፦ የሹሞቹን ሀብት ማየት ይቻላል?

መልስ፦ በወረቀት ላይ አዎ። በአዋጅ 668/2002 ተሿሚዎችና የሕዝብ ተመራጮች ሀብታቸውን ያስመዘግባሉ፣ በየሁለት ዓመቱ ያድሳሉ። መረጃው ለሕዝብ ክፍት ነው። የቤተሰቦቻቸው ሀብት ግን በምስጢር ይያዛል። እንግዲህ ፎቁ በማን ስም እንደሚሠራ ገምቱ።

ጥያቄ፦ እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ካልሰጠሁ አልንቀሳቀስም። እኔም እጠየቃለሁ?

መልስ፦ በሕግ ሰጪም ተቀባይም ይጠየቃሉ።

ጥያቄ፦ እንባ ጠባቂስ?

መልስ፦ አቤቱታ በነጻ ይቀበላል፤ መጻፍ የማይችል በቃል ያስረዳል። የሚሰጠው ግን የመፍትሔ ሐሳብ ነው፤ አስገድዶ አያስፈጽምም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያልነው እኛው አይደለን? መንግሥትን ብቻ ምን አስወቀሰን?

መልስ፦ እማማ፣ ይሄስ መልስ የለውም። ዛሬ ራሱ የአዲሱን ድንኳን ሒሳብ ደረሰኝ ሳናይ በጭብጨባ አጽድቀናል።

ገንዘብ ያዣችን አፈጠጡብኝ። ደረሰኙ ለሚቀጥለው ወር ይመጣል ተባለ።